ባቡሩ ከሩቅ ለምን የቆመ ይመስላል? የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ዓይንና እንቅስቃሴ

በዚህ እትም ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ ዓይን እንቅስቃሴን እንዴት እንደሚያይና የት ላይ እንደሚሳሳት የሚጠይቁትን ሰብስበናል። አንዳንዶቹ የሕይወት ጉዳይ ስለሆኑ በእነሱ ላይ ረዘም ብለናል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ባቡር ሐዲዱ አጠገብ ነው። ልጆቻችን ፍየል ይዘው ሐዲዱን ያቋርጣሉ። ባቡሩ ከሩቅ ሲታይ የቆመ ይመስላል፤ «ገና ነው» ሲሉ ድንገት አጠገባቸው ይደርሳል። ባጃጅ ሲመጣ ግን እንዲህ አይሳሳቱም። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ የልጆቹ ዓይን ጤነኛ ነው። ሐዲዱ ዳር የቆመ ማንም ሰው ይሳሳታል፤ የሚሳሳተውም ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፦ ባቡሩ ከእውነተኛ ፍጥነቱ ቀርፎ ይታየዋል።

በጎን የሚያልፍ ነገር ምስሉ ዓይናችን ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚሄድ ፍጥነቱን በቀላሉ እናውቃለን። በቀጥታ ወደ እኛ የሚመጣ ነገር ግን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይሄድም። ያለን ብቸኛ ምልክት የምስሉ ማደግ ነው። በቁጥር እንየው። የባቡሩ ግንባር 3 ሜትር ያህል ይሰፋል። 1 ኪሎ ሜትር ርቆ ሳለ ዓይናችን ላይ የሚይዘው ስፋት 0.17 ዲግሪ ነው። ክንድዎን ዘርግተው ትንሿን ጣትዎን ቢያዩ ስፋቷ 1 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ባቡሩ የጣቷን አንድ ስድስተኛ ያህላል ማለት ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኛ ሲጭን በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ይህም በሴኮንድ 33 ሜትር ነው። ከ15 ሴኮንድ በኋላ 500 ሜትር ላይ ይደርሳል፤ ምስሉም 0.34 ዲግሪ ይሆናል። በ15 ሴኮንድ ውስጥ ያደገው የጣቷን አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው። ዓይን ይህን ያህል ዝግ ያለ ዕድገት አይቆጥረውም።

አንድ ነገር ወደ እኛ እየመጣ መሆኑ በደንብ የሚሰማን ምስሉ በሴኮንድ 0.2 ዲግሪ ገደማ ማደግ ሲጀምር ነው። ለዚህ ባቡር ያ የሚሆነው 170 ሜትር ሲቀረው ነው። የቀረው ጊዜ 5 ሴኮንድ ብቻ ይሆናል! ከዚያ በኋላ ምስሉ በ2 ሴኮንድ ተኩል ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ «ድንገት ደረሰ» የሚያሰኘው ይህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የባቡሩ ግዝፈት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርሼል ሌቦዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1985 በባቡር ማቋረጫ ላይ ስለሚደርሱ አደጋዎች ሲጽፍ፣ ትልቅ ነገር እኩል ፍጥነት ካለው ትንሽ ነገር ይልቅ ቀርፋፋ መስሎ እንደሚታይ አመልክቷል። በኋላ በኮምፒውተር ምስል የተደረጉ ሙከራዎችም ይህንኑ አሳይተዋል። ባጃጅ ርዝመቱ ከ3 ሜትር ያነሰ ስለሆነ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአንድ ሴኮንድ የራሱን ርዝመት ከሦስት ጊዜ በላይ ያልፋል። ብዙ ፉርጎ የሚጎትት ባቡር ግን በዚያው ሴኮንድ የራሱን ርዝመት ጥቂት ክፍል እንኳ አይጨርስም፤ ስለዚህ የሚንቀሳቀስ አይመስልም። በቀትር ደግሞ ከሐዲዱ የሚነሳው የሙቀት ነጸብራቅ የባቡሩን ጠርዝ ያደበዝዘዋል። የኤሌክትሪክ ባቡር እንደ ድሮው የናፍጣ ባቡር ከሩቅ ስለማይጮህም ጆሮ ዓይንን አያግዝም።

ስለዚህ ልጆቹን «ፍጥነቱን ገምቱ» አይበሏቸው። የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ዕድሜ ያላቸው ልጆች በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚመጣን መኪና እንኳ በትክክል መገመት ይቸግራቸዋል። ደንቡ አንድ ይሁን፦ ባቡር ከታየ፣ ምንም ያህል ቢርቅ፣ አይገባም።

የማቋረጫውን ቦታ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ይለኩት። የመጀመሪያዋ ፍየል ሐዲዱ ላይ እግሯን ካሳረፈችበት የመጨረሻዋ እስከወጣችበት ድረስ ያለውን ጊዜ በስልክ ይያዙ። የተገኘውን ሴኮንድ በ33 ያባዙት። 40 ሴኮንድ ከሆነ 1,320 ሜትር ይመጣል። ከዚያ ቦታ ላይ ቆመው በሁለቱም አቅጣጫ ሐዲዱ ያን ያህል ርቀት ካልታየዎት፣ ኩርባ ወይም ጉብታ ከጋረደው፣ ቦታው ለመንጋ ማቋረጫ አይሆንም። ሹፌሩ ቢያያቸውም ባቡር ለመቆም ከብዙ መቶ ሜትር እስከ 1 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ ቶርኖ ቤት እሠራለሁ። የድሮውን አምፖል አውጥተን ኤልኢዲ ካስገባን ወዲህ ማሽኑ እየዞረ ቻኩ፣ ማለትም ብረቱን በጥፍሮቹ ይዞ የሚዞረው ክፍል፣ የቆመ ይመስለኛል፤ አንዳንዴም ወደ ኋላ የሚዞር። ዓይኔ ነው ወይስ መብራቱ?

መልስ፦ መብራቱ ነው። ጉዳዩም ጣት የሚያስቆርጥ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር መስተካከል አለበት።

የአገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደክማል። የድሮው አምፖል ክር የጋለ ስለሆነ በዚያች አጭር ቅጽበት አይቀዘቅዝም፤ ብርሃኑ ብዙም አይወርድም። ርካሽ ኤልኢዲ ግን ኤሌክትሪኩን የሚያጠራቅምለት በቂ ካፓሲተር ስለሌለው በእርግጥ ይጠፋል። ዓይናችን በደማቅ ብርሃን በሴኮንድ ከ60 ጊዜ ገደማ በላይ የሚያብለጨልጭን ነገር ለይቶ ማየት ስለማይችል መብራቱ ያለማቋረጥ የበራ ይመስለናል። የምናየው ግን ቁርጥራጭ ቅጽበቶችን ነው። አንጎልም እንደ ሲኒማ ፊልም እነዚህን ቅጽበቶች በአጭሩ መንገድ አገናኝቶ እንቅስቃሴ ይሠራል።

ባለ 3 ጥፍር ቻክ በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር በየብልጭታው መካከል በትክክል አንድ ሦስተኛ ዙር ይሄዳል። አንዱ ጥፍር በሌላው ቦታ ይተካል፤ ጥፍሮቹም ተመሳሳይ ስለሆኑ ቻኩ ቆሞ ይታያል። ፍጥነቱ ከ2,000 በጥቂቱ ሲያንስ እያንዳንዱ ጥፍር ከፊቱ የነበረው ጥፍር ቦታ ላይ ሳይደርስ ስለሚበራበት ቀስ ብሎ ወደ ኋላ የሚዞር ይመስላል። በ1,000 ዙር ደግሞ 3ቱ ጥፍር 6 ሆነው ቆመው ይታያሉ። ለክብ መጋዝም እንዲሁ ነው፦ 50 ጥርስ ያለው መጋዝ በደቂቃ 1,440 ዙር ሲዞር በሴኮንድ 1,200 ጥርስ ያልፋል፤ ይህም የ100 ሙሉ ብዜት ስለሆነ ጥርሶቹ እንደቆሙ ይታያሉ። ቤት ውስጥ በማራገቢያ ላይ የሚታየው ክንፍ የመብዛት ነገርም ምክንያቱ ይኸው ነው፤ እዚያ ግን አደጋ የለውም።

መብራቱን ለመፈተን እርሳስ ይዘው ከመብራቱ ሥር በፍጥነት ወዲያ ወዲህ ያወዛውዙ። አንድ ወጥ ደብዛዛ ጥላ ከታየ መብራቱ ደህና ነው። ተለያይተው የቆሙ ብዙ እርሳሶች ከታዩ መብራቱ ለማሽን ቤት አይሆንም። ሱቅ ውስጥ ከመግዛትዎ በፊት እዚያው ይህን ማድረግ ይችላሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ማሽን አጠገብ አንድ ሃሎጅን ወይም ባለ ክር አምፖል ይትከሉ፤ ብርሃኑ በቀጥታ መጋዙ ወይም ቻኩ ላይ ይረፍ። ሥራ ቤቱ ባለ 3 ፌዝ መስመር ካለው የጣሪያ መብራቶቹን በሦስቱ ፌዞች ላይ እንዲያካፍላቸው ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይንገሩት፤ አንዱ ሲደክም ሌሎቹ ስለሚበሩ ብርሃኑ አይቋረጥም። ከሦስቱ ጥፍሮች አንዱን ብቻ ደግሞ ነጭ ቀለም ይቀቡት። ነጩ ምልክት አንድ ብቻ ሆኖ ጥርት ብሎ ከታየ ቻኩ ቆሟል፤ 2፣ 3 ወይም 6 ነጭ ምልክት ካዩ እየዞረ ነው። አንድ ምልክት ብቻ ቆሞ እንዲያታልልዎት ማሽኑ በደቂቃ 6,000 ዙር መዞር አለበት፤ የተለመደው ቶርኖ እዚያ አይደርስም። ይህም ሆኖ እጅ ከመስደድዎ በፊት ማብሪያውን ያጥፉ።

ጥያቄ፦ መናኸሪያ ውስጥ ሚኒባስ ላይ ተቀምጬ አጠገቤ ያለው መኪና ሲነሳ የእኔ መኪና ወደ ኋላ የሄደ ይመስለኛል። ለምን?

መልስ፦ አንጎል የእይታውን ትልቁን ክፍል የያዘ ነገር «መሬት» አድርጎ ይወስደዋል። የጎረቤቱ መኪና መስኮቱን ሙሉ ስለሚሞላው እሱ የቆመ፣ እርስዎ የሚሄዱ ይመስልዎታል። ጀርመናዊው ካርል ዱንከር እ.ኤ.አ. በ1929 ይህን በሙከራ አጥንቶታል፤ ደመና ሲሮጥ ጨረቃ የምትሮጥ የምትመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የውስጥ ጆሮ የሚሰማው የፍጥነት ለውጥን ስለሆነና መኪናው በዝግታ ስለሚነሳ ዓይንን ለማረም በቂ ምልክት አይሰጥም። መሬቱን ወይም የመናኸሪያውን ምሰሶ ሲያዩ ወዲያው ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ሐረር ውስጥ የሳይንስ መምህር ነኝ። ቤተ ሙከራችን ባዶ ነው። አንጎል እንቅስቃሴን እንዴት እንደሚያሰላ ለተማሪዎች የሚያሳይ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ሙከራ አለ?

መልስ፦ አለ፤ እንዲያውም በዓለም ላይ ካሉት ግሩም ሙከራዎች አንዱ ነው። የሚያስፈልገው ክር፣ ጠጠር ወይም ብሎን፣ እና አንድ የፀሐይ መነጽር ብቻ ነው።

1 ሜትር ክር ላይ ብሎኑን ያንጠልጥሉና ከበር ጉበን ላይ ይሰሩት። ከበስተኋላው ሜዳማ ግድግዳ ይሁን። 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ስበው ይልቀቁት፤ በግራና በቀኝ ብቻ ይወዛወዝ፤ አንድ ሙሉ ምልልስ 2 ሴኮንድ ይፈጃል። ተማሪው 2 ሜትር ርቆ ፊት ለፊት ይቁም። መነጽሩን አዙሮ አንዱን መስታወት ብቻ በቀኝ ዓይኑ ፊት ይያዝ፤ ግራ ዓይኑ ባዶ ይሁን፤ ሁለቱም ዓይኖች ግን ክፍት ይሁኑ። ከብሎኑ ኋላ ግድግዳው ላይ አንድ ነጥብ ምልክት አድርገው ተማሪው እሱን ትኩር ብሎ ይይ።

ቀጥ ብሎ የሚወዛወዘው ብሎን በእንቁላል ቅርጽ ሲዞር ይታየዋል። ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ተማሪው ይቀርባል፤ ወደ ግራ ሲመለስ ይርቃል። መስታወቱን ወደ ግራ ዓይን ሲያዞር የሚዞርበት አቅጣጫ ይገለበጣል።

ምክንያቱ ጊዜ ነው። ሬቲና፣ ማለትም ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን፣ ብርሃን ሲያንሰው መልእክቱን ወደ አንጎል የሚልከው ዘግይቶ ነው። በጥቁር መስታወት መዘግየቱ 10 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ነው እንበል። ብሎኑ መሃል ላይ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሴኮንድ 63 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የተጋረደው ዓይን ብሎኑን የሚያየው 6 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ቀርቶ ነው። አንጎል በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለውን የቦታ ልዩነት ሁልጊዜ የሚያነበው እንደ ርቀት ነው፤ እዚህም «ዘግይቷል» አይልም፣ «ቀርቧል» ይላል። በሁለቱ ዓይኖች መካከል 6.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ካለ ብሎኑ በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቀርቦ ወይም ርቆ ይታያል። ተማሪዎችዎ ይህን በሰሌዳ ላይ በተመሳሳይ ሦስት ማዕዘን አውጥተው፣ ከዚያ ያዩትን በማስመሪያ ገምተው ማወዳደር ይችላሉ። ከሁለቱ ቁጥሮች መዘግየቱን ወደ ኋላ ማስላትም ይቻላል። በክር የሺኛ ሴኮንድ ለኩ ማለት ነው!

ሙከራው የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1922 ባብራራው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ በካርል ፑልፍሪሽ ነው። ፑልፍሪሽ አንድ ዓይኑ አያይም ነበርና ያብራራውን ነገር ራሱ አይቶት አያውቅም።

የሚበላሸው የት ነው? ተማሪው ነጥቡን ትቶ ብሎኑን በዓይኑ ከተከተለ ውጤቱ ሊደክም ይችላል። መነጽሩ በጣም ስስ ከሆነ መዘግየቱ አይበቃም፤ ሁለት መስታወት ይደርቡ። ክፍሉ ከጨለመ የተጋረደው ዓይን ጭራሽ አያይም። ብሎኑ ከመጀመሪያው በእውነት እየዞረ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ነገር ይምታታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያለ መነጽር ያስዩአቸው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ አደራ እንላለን። ሁሉም ተማሪ ሲያይ አንድ ሁለቱ «ምንም አልዞረም» ካሉ አያሹፉባቸው፣ አይለፏቸውም። ሁለቱን ዓይኖች አቀናጅቶ የማያይ ልጅ ይህን አያይም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የአንድ ዓይን ስንፈት ነው፦ በሕፃንነት አንዱ ዓይን መነጽር በሚፈልግ የእይታ ጉድለት ወይም በመንሸዋረር ጥርት ያለ ምስል ካላገኘ አንጎል የዚያን ዓይን ቅርጽ ማየት አይማርም። ሕክምናው ትክክለኛ መነጽርና ደህናውን ዓይን በሐኪም ትእዛዝ መሸፈን ነው፤ መጠነኛ ለሆነው በቀን 2 ሰዓት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከ7 ዓመት በፊት ሲጀመር ውጤቱ ያማረ ነው፤ ከዚያ በኋላም የሚሻሻሉ አሉ። ወላጅ ጠርተው ወደ ዓይን ሐኪም ይላኳቸው።

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ቤታችን ከጁገል ግንብ ውጭ ነው። ማታ ጅብ ሲመጣ በዓይኔ ጠርዝ ይታየኛል፤ ዞር ብዬ በቀጥታ ሳየው ይጠፋል። ከተንቀሳቀሰ ብቻ እንደገና አየዋለሁ። ለምን ይሆን?

መልስ፦ በደንብ አስተውለሻል። በቀጥታ ስታዪ የምትጠቀሚበት የሬቲና መሃል ቀለምና ጥቃቅን ቅርጽ በሚለዩ ሴሎች የተሞላ ነው፤ እነሱ ደግሞ ብዙ ብርሃን ይፈልጋሉ። በደካማ ብርሃን የሚሠሩት ከ90 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ሌሎች ሴሎች ሲሆኑ ከትክክለኛው መሃል ላይ አንድም የሉም፤ በብዛት የሚገኙት ከመሃሉ 20 ዲግሪ ገደማ ርቀው ነው። ስለዚህ በጨለማ ፊት ለፊት ስታዪ ዕውር በሆነው ቦታ እያየሽ ነው።

በጠርዝ በኩል ያሉት ሴሎች በብዛት ተጠራቅመው ለአንድ የነርቭ ሴል ስለሚያቀብሉ ብርሃን ይይዛሉ እንጂ ቅርጽ አይለዩም። የዓይን ጠርዝ ጥራት ከመሃሉ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ለውጥን ግን በፍጥነት ይነግራሉ። ጅቡ ሲቆም ቀለሙ ከድንጋዩና ከአፈሩ ጋር ይመሳሰላል፤ ሲራመድ አካሉ በሙሉ አብሮ ስለሚሄድ አንጎል «አብሮ የሚሄድ አንድ ነገር ነው» ብሎ ከበስተኋላው ይለየዋል። ከዚህ ሌላ፣ ዓይን አንድ ቦታ ላይ ካፈጠጠ በጠርዝ ያለ የማይንቀሳቀስ ነገር በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ደብዝዞ ይጠፋል፤ ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ትሮክስለር ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1804 ነው።

ስለዚህ ልታዪው የፈለግሽውን ነገር በቀጥታ አትዪው። ክንድሽን ስትዘረጊ ጭብጥሽ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ከነገሩ አንድ ጭብጥ ተኩል ወደ ጎን እዪ፤ በየ2 እና 3 ሴኮንዱም እይታሽን ቀይሪ። ዓይን ለጨለማ ሙሉ በሙሉ የሚለምደው ከ30 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው፤ ስልክሽን አንዴ ከከፈትሽ እንደገና መጀመርሽ ነው። የጅቡ ዓይን በባትሪ የሚያበራው ከሬቲናው ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው ነው፤ ሰው ይህ የለውም።

ይህ ሁሉ ጤነኛ ዓይን ላይ ነው። ሲመሽ ሌሎች የሚያዩትን እሷ ወይም እሱ የማያይ ታናሽ ካለሽ፣ በዕቃ የሚሰናከል ከሆነ፣ ዳፍንት ሊሆን ይችላልና ለእናትሽ ንገሪያት። ዳፍንት የቫይታሚን ኤ እጥረት ምልክት ነው። ከ6 እስከ 11 ወር ላሉ ሕፃናት 100,000 ዩኒት፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላሉት 200,000 ዩኒት በየ6 ወሩ በጤና ጣቢያ ይሰጣል። ጉበት፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ማንጎና ፓፓያ ቫይታሚኑ አለባቸው።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ሐረር እመላለሳለሁ። ደንገጎ ላይ ጭጋግ ሲኖር ቀስ ብዬ የምሄድ ይመስለኛል፤ መለኪያውን ሳይ 60 ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የእይታ ንፅፅር፣ ማለትም በምናየው ነገር ላይ ያለው የብርሃንና የጥላ ልዩነት፣ ሲደክም አንጎል ፍጥነትን አሳንሶ ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥናት ሰዎች የመንዳት ምስል እየደበዘዘ ሲታያቸው ሳያውቁት ፍጥነት እንደሚጨምሩ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ቅርቡ ጠርቶ ሩቁ ብቻ ሲደበዝዝ፣ ማለትም እንደ እውነተኛ ጭጋግ ሲሆን፣ ግምቱ በተቃራኒው ሊሆን እንደሚችል አሳየ። የእኛ አቋም ግልጽ ነው፦ በጭጋግ ውስጥ ስሜት በየትኛውም በኩል አይታመንም፤ የሚታመነው መለኪያው ነው።

ፍጥነትዎን የሚወስነው የሚታይዎት ርቀት ነው። በእርጥብ ቁልቁለት ላይ፣ ፍሬን እስኪረግጡ 1.5 ሴኮንድ ቆጥረን፣ 40 ሜትር ብቻ ከታየዎት በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር፣ 25 ሜትር ከታየዎት ከ30 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለብዎትም። በ60 ለመቆም 70 ሜትር ገደማ ያስፈልግዎታል። መስኮቱን ትንሽ ይክፈቱ፤ የጎማና የነፋስ ድምፅ ፍጥነትን ይናገራል። ረጅም ሰዓት በ80 ከነዱ በኋላ ከተማ ሲገቡ 50 እንደ ኤሊ ይመስላል፤ ይህም አንጎል ለፍጥነት ስለሚለምድ ነው፤ በየመግቢያው መለኪያውን ማየት ልማድ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ እናታችን 61 ዓመታቸው ነው፤ ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ አመማቸው። ፊታችንን ይለያሉ፣ ጽሑፍ ያነባሉ። ቡና ሲቀዱ ግን ስኒው ይሞላና ይፈስሳል፤ «ሲሞላ አይታየኝም» ይላሉ። መንገድ ላይም መኪናው «ድንገት መጣብኝ» ይላሉ። እንዲህ ያለ ሕመም አለ?

መልስ፦ አለ፤ ብርቅ ነው። አንጎል ቅርጽንና እንቅስቃሴን የሚያየው በተለያየ ቦታ ነው። ፊትና ፊደል የሚለየው መስመር ከጭንቅላት ኋላ ተነስቶ በታች በኩል ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይሄዳል። እንቅስቃሴን የሚያሰላው ዋና ቦታ ደግሞ ከጆሮ ኋላ ከፍ ብሎ በሁለቱም በኩል ያለ ትንሽ ክፍል ነው። ዮሴፍ ዚል የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሙኒክ ውስጥ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1983 ታሪኳን የጻፉት የ43 ዓመት ሴት የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ይህ ክፍል በሁለቱም በኩል ተጎዳባት። ቀለምና ቅርጽ ታያለች፤ ሻይ ስትቀዳ ግን ፈሳሹ በረዶ ሆኖ የቆመ ይመስላት ነበር፤ ሰዎች እዚህ ሳሉ ድንገት እዚያ ይሆኑባት ነበር። የእናትዎ ቃል ለዚህ በጣም ይቀርባል።

ሆኖም ከስትሮክ በኋላ ከዚህ እጅግ የሚበዛው የግማሽ እይታ መጥፋት ወይም በአንድ በኩል ያለን ነገር አለማስተዋል ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ይፈትሹ። ፊት ለፊት 1 ሜትር ርቀው ይቀመጡ፤ እናትዎ አፍንጫዎን ይዩ። እጆችዎን በሁለቱ ጎኖች ዘርግተው አንድ ጊዜ የቀኙን፣ አንድ ጊዜ የግራውን፣ ከዚያም የሁለቱንም ጣት ያንቀሳቅሱ፤ ከላይም ከታችም። የትኛው እንደተንቀሳቀሰ ይንገሩዎት። በአንድ በኩል ጭራሽ ካላዩ ግማሽ እይታቸው ጠፍቷል። ለየብቻ ሲሆን አይተው ሁለቱ አብረው ሲንቀሳቀሱ አንዱን ከሳቱ ችግሩ የትኩረት ነው። ይህን ሁሉ በትክክል ካለፉ ግልጽ ብርጭቆ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ በዝግታ እየቀዱ «ግማሽ ሲደርስ አቁም ይበሉ» ይበሏቸው፤ ሦስት አራት ጊዜ። ሁልጊዜ ዘግይተው ካሉ ይህንኑ ጽፈው ለነርቭ ሐኪም ይውሰዱት፤ «ዓይናቸው ደክሟል» ብቻ ካሉት ግን መነጽር ታዞ ሊቀር ይችላል። አዲስ የእይታ ለውጥ፣ የፊት መጣመም ወይም የንግግር መኮላተፍ በድንገት ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ያድርሷቸው።

እስከዚያው ቡናውን በድምፅ መቅዳት ይለማመዱ፦ ስኒው ሲሞላ የሚፈስሰው ድምፅ እየቀጠነ ይሄዳል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ረከቦቱ ላይ ሳይሆን ሰፊ ትሪ ላይ፣ አንድ ስኒ ለመሙላት ስንት እንደሚቆጥሩ ጮክ ብለው እየቆጠሩ ይሞክሩ። ትኩሱን ጀበና ግን ለጊዜው ሌላ ሰው ይያዝላቸው፤ አስፋልትም ብቻቸውን አይሻገሩ።